የማኅበር ወንበር በምን ይገኛል?

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በከሚሴ ሜዳ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን ተጫዋች የሚያክም አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለ እንበል። ይህ ባለሙያ የስፖርት ሕክምና ማኅበር አመራር መሆን ቢፈልግ ከየት ይጀምር?

ከጠቅላላ ጉባኤው ነው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 5 አባላት ያስፈልጋሉ፤ የበላይ ወሳኙም ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ስለዚህ ተወዳዳሪው አስቀድሞ መተዳደሪያ ደንቡን ያንብብ፦ ማን ይጠቁማል? የሥራ ዘመኑ ስንት ዓመት ነው? መዋጮ ያልከፈለ መመረጥ ይችላል?

ዓለም አቀፉ የስፖርት ሕክምና ፌዴሬሽንም ቢሆን ከስብሰባ የተወለደ ነው። በ1928 እ.ኤ.አ. ለክረምት ኦሊምፒክ ስዊዘርላንድ፣ ሴንት ሞሪትዝ የተገናኙ ሐኪሞች መሠረቱት።

ድምፅ ግን በማዕረግ ብቻ አይገኝም። ምረጡኝ የሚል ሰው ለአዲስ አበባ ክለቦች ብቻ ሳይሆን ለባቲና ለጅሌ ጥሙጋ ተጫዋቾችም ምን እንዳሰበ ይናገር። ለአሠልጣኞች በኦሮምኛም በአማርኛም የሚሰጥ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና፣ ለምሳሌ፣ ከረጅም ንግግር ይልቅ ሰው ያሳምናል።



(ሙዚቃ)