ስለ እንግሊዝኛ ግስ በማኅበራችን ስብሰባ የተደረገ ንግግር



ልጆቻችን 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሒሳቡን እያወቁት ቋንቋው የሚጥላቸው አሉ። እኛ ከአንደኛ ደረጃ ያላለፍነውም ብንሆን በአንዲት ነገር ልንረዳቸው እንችላለን።

በአማርኛ እሠራለሁ፣ ትሠሪያለሽ፣ ይሠራል፣ እንሠራለን እያልን ግሱን ለየሰዉ እንለውጣለን። እንግሊዝኛው በዚህ በኩል ይቀላል። የዘወትር ሥራ ሲነገር በአይ፣ በዩ፣ በዊ፣ በዘይ «ወርክ» እንዳለ ይቀመጣል። በሂ፣ በሺ፣ በኢት ብቻ «ኤስ» ተጨምሮ «ወርክስ» ይሆናል።

ችግሩ ከጨዋነታችን ይመጣል። ልጁ «አባቴ ይሠራሉ» እያለ ስላደገ፣ አንዱን አባቱን እንደ ብዙ ሰው ቆጥሮ «ማይ ፋዘር ወርክ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ስሕተት ነው። የእንግሊዝኛ ግስ አንቱታ አያውቅም፤ ንጉሥም ሆነ ሕፃን፣ አንድ ከሆነ «ወርክስ» ነው። «ማይ ፋዘር ወርክስ» ማለት አባትን መድፈር አይደለም።

እንግዲህ ማታ ደብተሩን ስታዩ «ይኼ የተወራለት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ከሆነ፣ እኔም አንተም ካልሆነ፣ ኤሷን ፈልጉ። ከፊቱ «ደዝ» ወይም «ካን» ካለ ግን ግሱ ያለ ኤስ ይቀራል።



የማኅበሩ ጸሐፊ