ገምጋሚ ሲመጣ ማን ይናገር?

ዛሬ የምናወራው ስለ ጥያቄና መልስ ነው።

በአንድ መንደር የእጅ ፓምፕ ከተተከለ በኋላ ሥራው ጠቅሞ እንደሆነ የሚጠይቁ እንግዶች ይመጣሉ። ሁሉን ሰው አይጠይቁም። ጉዳዩን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎችን መርጠው ለየብቻ ያነጋግራሉ፤ አንዱ የነገራቸውንም በሌላው ያመሳክራሉ። እነዚህ ሰዎች ዋና መረጃ ሰጪዎች ይባላሉ።

ወደ እኛ በመጡ ጊዜ ማንን አቀረብን? ሊቀ መንበሩንና ሽማግሌዎችን። ሁሉም «ደህና ነው፤ እግዜር ይስጥልን» አሉ። በእንግዳ ፊት ጉድለት ማውራት ነውር መስሎን እኮ ነው! እንግዶቹም ይህንኑ ጽፈው ሄዱ። ፓምፑ ግን የውስጡ ላስቲክ አልቆ ነበር። 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ክንድ እስኪዝል እጀታውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። ይህን የሚያውቁት ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው፤ ማን ጠየቃቸው? ወር ሳይሞላ ፓምፑ ቆመ። ወደ ወንዙ ተመለስን።

በዓመቱ ሲመጡ ውሃ ቀጂ ሴት፣ የመዋጮ ገንዘብ ያዡን፣ ቤቱ ሩቅ በመሆኑ ከፓምፑ ቀድቶ የማያውቅ ጎረቤትም አቀረብን። ሴትዮዋ ሰው በተሰበሰበበት አልናገርም አለች። ልክ ነበረች። ከዛፍ ጥላ ሥር ለብቻዋ አነጋገሯት። «ስሜ ይጻፋል ወይ?» አለች። አይጻፍም አሏት። ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ የወጣው።

ገንዘብ ያዡ «ሰው ስላልከፈለ ላስቲክ አልተገዛም» ብሎ ነበር። እሷ ደግሞ ሁሉም ከፍሏል አለች። እንግዶቹ መዝገቡ ይምጣ አሉ። እያንዳንዳችን ስማችንን ፈልገን አነበብን። ከከፈልነው ውስጥ ያልተጻፈ ብዙ ተገኘ። ላስቲኩ በዚያው ሳምንት ተገዛ።