በቤት ስልክ መልእክት መቅጃ ላይ ስለሚተው ቃል

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ላይ ላዩን ሲታይ ለጉባኤ የሚበቃ ላይመስል ይችላል። በአሜሪካ የምንሠራ ሐኪሞች፣ ነርሶችና አስተርጓሚዎች ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ መነጋገር ሲገባን፣ ስለ አንድ የሳሎን ስልክ መነጋገራችን ለምንድን ነው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ከምናክማቸው አረጋውያን መካከል ዛሬም በእጅ ስልክ የማይገኙ፣ አድራሻቸው በልጆቻቸው ቤት የተቀመጠው ሽቦ አልባ ስልክ ብቻ የሆነ አባቶችና እናቶች አሉ። ልጆች ሥራ ይውላሉ፤ የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፤ እናት በእንግሊዝኛ የሚያናግራቸው ሰው እንዳይገጥማቸው ፈርተው ስልኩን አያነሡም። ስለዚህ የእኛ ቃል የሚያርፈው በመልእክት መቅጃው ላይ ነው።

የመሣሪያው አሳብ አዲስ አይደለም። ቫልደማር ፖልሰን የተባለው የዴንማርክ ሰው ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ በመግነጢስ ኀይል መቅረጽ የቻለው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1898 ሲሆን፣ ካሰበባቸው ጥቅሞች አንዱ ባለቤቱ በሌለበት የተደወለለትን ቃል ማስቀመጥ ነበር። ሽቦው ቆይቶ በካሴት ተተካ፤ ካሴቱም በተራው ለቺፕ ቦታውን ለቀቀ።

ማሽኑ ያለው በእጅ በሚያዘው መነጋገሪያ ውስጥ ሳይሆን በመቀመጫው ውስጥ ነው። መቀመጫውም የሚሠራው በቤቱ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩም መቅጃውም አብረው ዝም ይላሉ። ለእኛ ሥራ ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ድምፅ ማጉያው ነው። በብዙዎቹ ዐይነቶች ላይ ደዋዩ ቃሉን በሚተውበት ጊዜ ንግግሩ እዚያው ሳሎን ውስጥ ይሰማል። ይህም የተደረገው ባለቤቱ ማን እንደ ደወለ አዳምጦ ስልኩን ለማንሣት ወይም ለመተው እንዲወስን ነው። እንግዲህ ለአንድ ጆሮ የተናገረች የመሰላት ነርስ፣ ለቡና ለተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ተናግራ ሊሆን ይችላል። የምርመራ ውጤት በዚህ መንገድ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው የለም።

በ1996 የወጣው፣ በተለምዶ ሂፓ የሚባለው የአሜሪካ ሕግና እርሱን ተከትሎ የመጣው የምስጢር አጠባበቅ ደንብ በማሽን ላይ መልእክት መተውን አይከለክሉም። የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት የሰጠው ማብራሪያ የሚለው፣ የሚነገረው ነገር ይወሰን ነው፤ ይኸውም ስምና ስልክ ቁጥር፣ ቀጠሮውን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ያህል፣ ወይም መልሰው እንዲደውሉ መጠየቅ ብቻ ነው። ደንቡ መልካም ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ግን ከባድ ችግር ያስከትላል።

ችግሩ ይህ ነው። በአገራችን ልማድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰባስቦ፣ በማለዳ፣ ቤት ድረስ ሄዶ ያረዳል። በሩቅ ላለ ሰው የሚነገረው «ጥቂት አሟቸዋልና ቶሎ ድረስ» የሚል ቃል ብቻ ነው፤ ሰሚውም የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ከሆስፒታል መጥቶ «እባክዎ ይደውሉልን» ብቻ ብሎ የሚቆም መልእክት፣ ለደንቡ ፍጹም ቢሆንም፣ ለእናቲቱ መርዶ ነው። ልጃቸው ከሥራ እስኪመለስ ድረስ ምን ያህል እንደሚጨነቁ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አንዳንድ ባልደረቦች «ለደግ ነው፣ አይደንግጡ» የሚል ቃል ቢጨመር ይበቃል ይላሉ። እኔ አልስማማም። ቃሉን ለደኅናው ሁሉ ካስለመድነው፣ ለታመመው ሳንለው የቀረን ዕለት መቅረቱ ራሱ ወሬ ይሆናል፤ ለታመመውም ካልነው ዋሽተናል። ከዚህ የሚሻለው ነገሩን አስቀድሞ መጨረስ ነው። ደንቡ ራሱ ሕመምተኛው በየትኛው ስልክና በምን መንገድ እንዲነገረው የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ሐኪሙም ምክንያታዊውን ጥያቄ መቀበል ይገባዋል። ይህን መብት ግን ከአረጋውያኑ ብዙዎቹ አያውቁትም። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ምርመራ ሳይታዘዝ፣ «ማሽኑን ማን ያዳምጠዋል? እርስዎን ስንፈልግ ማንን እንጥራ? ይደውሉልን ብንል አይደነግጡም?» ብሎ መጠየቅ የአስተርጓሚው ድርሻ ነው። ውጤቱ ደኅና ቢሆንም ባይሆንም ሁልጊዜ በአንድ ዐይነት ቃል እንደምንጠራቸው ያን ጊዜ ከነገርናቸው፣ የኋለኛው ጥሪ አያስደነግጣቸውም።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን አጭር ነገር ልበል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን 9 ሰዓት እንዳለ ወደ አማርኛ ያሻገረ ሰው፣ የጠዋቱን ቀጠሮ ወደ ከሰዓት በኋላ አዛውሮታል። ሴፕቴምበር 20ን መስከረም 20 ያለም፣ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ለሚኖሩ አባት ቀጠሮውን ዐሥር ቀን ያህል አዘግይቶባቸዋል። በማሽን ላይ ደግሞ መልሶ የሚጠይቅ የለም። «ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9 ሰዓት» ብሎ መናገር፣ ስልክ ቁጥሩንም ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ መጥራት ያስፈልጋል።

ከቤታችሁ ሆናችሁ የምትሠሩ አስተርጓሚዎችም የራሳችሁን ማሽን ተመልከቱ። አረጋውያን ሲደውሉ «እንደምን ሰነበታችሁ? ልጆች ደኅና ናቸው?» ይሉና መልስ ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ማሽን ጥቂት ሰከንድ ዝም ሲባል ንግግሩ ያለቀ መስሎት ይዘጋል። ሰላምታው ተቀድቶ ጉዳዩ ይቀራል። ፋብሪካው ያስቀመጠውን የእንግሊዝኛ ቃል አጥፍታችሁ በራሳችሁ ድምፅ በአማርኛ «ይህ ማሽን ነው፤ መልስ አይሰጥም፤ ስምዎንና ጉዳይዎን ሳያቋርጡ ይንገሩኝ» ብላችሁ ቅዱ። ከውጭ ደውሎ መልእክት ለማዳመጥ የሚያገለግለውንም የምስጢር ቁጥር ከፋብሪካ እንደ መጣ አትተዉት፤ በአብዛኛው ሁለት ወይም ሦስት አኀዝ ብቻ ስለሆነ ለመገመት አያስቸግርም፤ በውስጡ ያለውም የሌላ ሰው ምስጢር ነው።

ለጉባኤው የማቀርበው አሳብ አንድ ነው፤ አባሎቻችን በሚሞሉት የመጀመሪያ ቀን ቅጽ ላይ «መልእክት በማን በኩልና በምን ቃል ይተው» የሚል መስመር እንዲጨመር ነው። ቃሉን አብረን እናርመው ዘንድ ረቂቁን ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ።