ቆሞ የሚሠራ መኪና፦ የድሮ የአሜሪካ ፖሊስ መኪኖች የከባድ ሥራ ዕቃዎች



የድሮ የአሜሪካ ፖሊስ መኪና ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ፍጥነቱ ነው። ፊልሙም ያስለመደን ማሳደዱን ነው። ማሳደድ ግን ከፖሊስ የሥራ ቀን ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚወስደው፤ አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው በዝግታ በመዞርና ሞተር ሳያጠፉ በመቆም ነው። የመኪና ፋብሪካዎቹን ይበልጥ ያስቸገራቸውም ይኸው መቆም ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከሬዲዮ ይጀምራል። በ1928 የዲትሮይት ፖሊስ በመኪኖቹ ውስጥ ሬዲዮ ገጠመ። ያ ሬዲዮ መልእክት ይቀበላል እንጂ አይልክም፤ ፖሊሱ መልስ ለመስጠት ስልክ መፈለግ ነበረበት። በ1933 የኒው ጀርሲዋ ባዮን ከተማ ተቀብሎ የሚልክ ሬዲዮ ሥራ ላይ አዋለች። መላክ ደግሞ ከመቀበል እጅግ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይበላል። የዚያ ዘመን ሬዲዮ በቫልቭ የሚሠራ ስለሆነ፣ ማንም ባይናገርበት እንኳ ቫልቮቹን ለማጋል ባትሪውን ሲጠባ ያድራል።

ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ደግሞ ሞተሩ ካልፈጠነ በቂ ኤሌክትሪክ አያመነጭም፤ በሚኒሞ ሲሠራ የሚሰጠው ከቁጥር አይገባም። እስቲ አንድ የክረምት ሌሊት አስቡ። ሁለት ፖሊሶች መንገድ ዳር ቆመዋል። ማሞቂያው፣ ሬዲዮውና መብራቱ በርተዋል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ይደክማል። ጥሪ ደርሷቸው ሳይረኑን ሲያስጮኹት መብራቱ ይፈዛል፤ ሞተሩ ድንገት ከጠፋ ደግሞ ላይነሳ ይችላል። እርዳታ የሚጠብቀው ሰው ሌላ መኪና እስኪመጣለት መጠበቅ ሊኖርበት ነው።

መፍትሔው አልተርኔተር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የክሊቭላንዱ ሊስ-ኔቪል ኩባንያ ለፖሊስ፣ ለአምቡላንስና ለታክሲ ያቀርበው ጀመር። አልተርኔተር በዝግታ ሲዞርም ያመነጫል። የሚሰጠው ግን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ወደ ባትሪው ከመግባቱ በፊት በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ መቃናት አለበት። ለዚህም የሴሊኒየም ሳህኖች የተደረደሩበት ራሱን የቻለ ዕቃ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይታሰር ነበር። በ1960 ክራይስለር በቫሊያንት መኪናው ላይ በሴሊኒየም ፈንታ በሲሊኮን ዳዮድ የሚሠራ አልተርኔተር ሲገጥም፣ የፖሊስና የአምቡላንስ ልዩ ዕቃ የነበረው ወደ ተራው ቤተሰብ መኪና ገባ። በእኔ እምነት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው።

ከኤሌክትሪኩ ሌላ፣ በ1950ዎቹ ፎርድ፣ ሸቭሮሌና ዶጅ ለፖሊስ የተዘጋጀ ሙሉ የዕቃ ጥቅል መሸጥ ጀመሩ፦ ጠንካራ ሞላና ባሌስትራ፣ ወፍራም ሾክ አብዞርበር፣ ትልቅ ራዲያተር፣ የተጠናከረ ቸርኬ፣ ሌላው ቀርቶ ሲቀመጡበት የሚውሉበት ወንበር እንኳ ጠንካራ ሞላ ያለው። የሞተሩም ጉልበት አብሮ አደገ። የ1969ኙ ዶጅ ፖላራ፣ የካሊፎርኒያ ሀይዌይ ፓትሮል የነዳው፣ 7.2 ሊትር ሞተርና 375 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

ያን ያህል ጉልበት ማቆም ግን ሌላ ጣጣ ነው። የታምቡር ፍሬን ተደጋግሞ ሲያዝ ይግላል፤ ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም ወደ ወለሉ ይሰምጣል። ስለዚህ ለፖሊስ ሰፊ ታምቡርና ሙቀት የሚችል ሸራ ይታዘዝ ነበር። ከብረት ብናኝ የተሠራው ሸራ ግለት ቢችልም፣ ጠዋት በብርድ ሲያዝ እንደ ተራው አይነክስም፤ ሾፌሩ ይህን አውቆ መንዳት ነበረበት።

አንድ ትንሽ ዕቃ ልጨምር። የፖሊሱ የፍጥነት መለኪያ ትክክለኛነቱ ተፈትሾ የተረጋገጠ ነበር፤ ከተራው በረቀቁ መስመሮችም የተከፋፈለ ነው። ራዳር ባልተስፋፋበት ጊዜ ፖሊሱ ከአጥፊው ኋላ እኩል ርቀት ጠብቆ እየነዳ የራሱን መለኪያ ያነባል፤ ያነበበውም ፍርድ ቤት ይቀርባል። መለኪያው ከተሳሳተ ንጹሕ ሰው ይቀጣል።

ዛሬ እነዚህን መኪኖች የሚያድሱ ሰዎች ቀለሙንና የጣሪያ መብራቱን አሳምረው ይመልሳሉ፤ ዲናሞው ወይም አልተርኔተሩ ግን ብዙ ጊዜ በአዲስ ተተክቶ አሮጌው ይጣላል። ሙዚየሞችና ሰብሳቢዎች ያንን ዕቃ ባይጥሉት፣ ቢቻል ከነሴሊኒየም ማቃኛው ኮፈኑን ከፍተው ቢያሳዩት ደስ ይለኛል።