«በልቻለሁ» ማለት የፈራሁ ቀን

(በእሁድ ስብሰባችን ላይ የተናገርኩት)

እህቶቼ፣ ሐኪም አይደለሁም፤ ቤይሩት ውስጥ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሆኜ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ማደንዘዣን እዚህ «በንጅ» ይሉታል፤ ቃሉን ያዙት።

ማዳም ማታውኑ «ምንም እንዳትቀምሺ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን በባዶ ሆዴ ተቀድጄ እንዴት እተርፋለሁ ብዬ፣ ሊነጋጋ ሲል ኩሽና ገብቼ ዳቦ በሻይ በላሁ። የማደንዘዣው ሐኪም በልታለች ወይ ሲል ማዳም መለሰችልኝ፤ «አልበላችም»። እሷ ምን ታድርግ፣ አላየችኝ! እኔም ዝም። ገንዘብ ተከፍሎ፣ ቀኑ ተቃጥሎ፣ አሁን በላሁ ብል ምን ትለኛለች? አልጋው መገፋት ሲጀምር ግን ፈራሁ። «አከልት» አልኩ፤ በልቻለሁ ማለት ነው።

ለማግስቱ ተዛወረ። ማዳም እስከ ቤት አላናገረችኝም። ሐኪሙ ግን «ብራቮ» አለኝ። ለምን እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ። በሙሉ ማደንዘዣ ጉሮሯችንም አብሮ ይተኛል። ምግብ ከሆድ ወደ ላይ ቢመለስ ማሳል የለ፣ መዋጥ የለ፤ ሳንባ ይገባል። ሰው ይሞትበታል። ስለዚህ ምግብና ወተት ቢያንስ ከ6 ሰዓት በፊት፣ ውሃ ከ2 ሰዓት በፊት ይቆማል። ሆስፒታሉ ከዚያ የረዘመ ካላችሁ የእነሱን ስሙ።

ማዳም ፊት የማይባል ነገርም አለ፤ እርግዝና፣ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ተደብቆ የሚዋጥ ኪኒን፣ ከአገር ቤት የተላከ የባህል መድኃኒት። ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ መርፌውን እንዳይወጋችሁ። ማዳም ትውጣልኝ ማለት ከከበዳችሁ ቋንቋ የምታውቅ እህት ጋ ደውሉና ስልኩን ለሐኪሙ ስጡት። አስም ካለባችሁ፣ መድኃኒት የማይስማማችሁ ከሆነ፣ ከቤተሰብ በማደንዘዣ የተጎዳ ካለ ተናገሩ። የሚነቃነቅ ጥርስም ቢሆን! መተንፈሻው ቱቦ በአፍ ነው የሚገባው። የጥፍር ቀለም አስለቅቁ፤ ኦክስጅን የሚለካው በጣት ላይ ነው።

ስትነቁ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርድ ብርድ ይላል። እሱ ያልፋል። ጭንቅላት ግን ቶሎ አይጠራም። 24 ሰዓት ሙሉ ካውያ አትያዙ፣ ምድጃ አትለኩሱ፣ ብቻችሁን አትሁኑ። በዚያን ቀን የሚፈረም ወረቀት ቢመጣላችሁ «ቡክራ» በሉ።

እሺ፣ ጥያቄ ያላት?