ሯጭ ልጆቻችንን እንዴት እንያዛቸው?
(በወላጆች ስብሰባ ላይ በመምህራን ስም የቀረበ ንግግር)



በበቆጂ መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በልጅነቷ ያሠለጠኗት ደራርቱ ቱሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝታለች። ከስደተኛውም ወገን ሮዝ ናቲኬ ሎኮንየን ከኬንያው ካኩማ ካምፕ ተመርጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ፊት ባንዲራ ይዛ ገብታለች። ሁለቱም በአንድ ቀን እዚያ አልደረሱም።

እኛ ግን «ይህ ልጅ ሮጦ ከካምፕ ያወጣናል» የሚሉ ወላጆች እያጋጠሙን ነው። ይህ ሸክም ለአሥር ዓመት ልጅ ይከብደዋል። ስለዚህ የምንለምናችሁ የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ልጅ ሳይበላ አይሩጥ፤ ራሽን ባጠረበት ሳምንት እኛም ልምምዱን እንቀንሳለን።

ሁለተኛ፣ ለትንንሾቹ አባሮሽ፣ ዝላይና አጭር ሩጫ ይበቃቸዋል፤ ረጅሙ ርቀት አጥንታቸው ሲጠና ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ሴቶች ልጆቻችን የውኃ ወረፋ ሲጠብቁ ልምምድ ይቀሩብናል፤ ወንድሞቻቸውም በተራቸው ጀሪካን ይያዙ።

ሲሸነፉ «አይዞህ፣ አይዞሽ» እንበላቸው እንጂ አንቆጣቸው። ሩጫው ቢቀር እንኳ ደብተሩ አይቅር።