ስለ ዋስትና ዕዳና ስለ ደመወዝ መያዝ



በቀድሞው ዘመን አበዳሪና ተበዳሪ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። ልማዱ ለተበዳሪው ውርደት ነበር፤ ሆኖም ክርክሩ እርሱ በሌለበት እንደማይካሄድ ያረጋግጥለት ነበር። ዛሬ በቢቸናና በሞጣ መካከል ለመንገድና ለውሃ ሥራ የሚመላለስ ባለሙያ ይህን ያህል ማረጋገጫ እንኳ የለውም።

አንድ የሙያ ባልደረባችን ቢቸና ሳለ ለጓደኛው የ90,000 ብር ብድር ዋስ ሆኖ ፈረመና ጥቂት ቆይቶ ወደ ሞጣ ተዛወረ። ተበዳሪው መክፈሉን ሲያቋርጥ ክስ ተመሠረተ፤ መጥሪያው ግን የተላከው ወደ ቀድሞው የኪራይ ቤት ነበር። በሌለበት መፈረዱን ያወቀው ከ12,000 ብር ደመወዙ 6,000 ብር ተቀንሶ ባገኘው ዕለት ነው። እንደ አብዛኞቻችን ሁሉ በመጀመሪያ የተጣላው ከደመወዝ ከፋዩ ጋር ነው። ደመወዝ ከፋዩ ግን የታዘዘውን ፈጻሚ ነው፤ የአፈጻጸም ችሎቱም ቢሆን የተፈረደውን ነገር እንደገና አይመረምርም።

መፍትሔው ያለው ከፈረደው ፍርድ ቤት ዘንድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 78 እንደሚደነግገው፣ በሌለበት የተፈረደበት ሰው መጥሪያው በሚገባ ያልደረሰው መሆኑን ወይም በበቂ ምክንያት ሳይቀርብ መቅረቱን አስረድቶ፣ ፍርዱን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ እንዲነሣለት ሊያመለክት ይችላል። ይህ 1 ወር እጅግ አጭር ነው፤ ከአለቃ ጋር በመነጋገርና ሽማግሌ በመላክ ያልቃል። ስለዚህ መዝገቡን አስወጥቶ መጥሪያው ለማን፣ መቼ፣ የት እንደ ተሰጠ መመልከት ይገባል። የዝውውር ደብዳቤው እዚህ ላይ ከብዙ ምስክር ይበልጣል። ከማመልከቻው ጋርም አፈጻጸሙ እንዲታገድ መጠየቅ ያሻል።

የተቀነሰው ገንዘብ መጠን ከዚህ የተለየ ጥያቄ ነው። ፍርዱ ትክክል ቢሆን እንኳ የዚሁ ሕግ ቁጥር 404 የባለዕዳውን ደመወዝ ሁለት ሦስተኛ እንዳይያዝ ይጠብቃል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው በጠቅላላው ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከ12,000 ብር ሲሶው 4,000 ነው። (ያው ቁጥር 404 በቀን ከ2 ብር የማይበልጥ ደመወዝ ጨርሶ አይያዝም ይላል። በ1958 ዓ.ም. ይህ ለድሀው ታላቅ ከለላ ነበር፤ ዛሬ አንድ ስኒ ሻይ አይገዛም። እኛ መለኪያው ያረጀበትን መሣሪያ አንጠቀምም።)

ስሌቱንም አንናቅ። 90,000 ብር በ9 በመቶ ወለድ ቢታሰብ የመጀመሪያው ወር ወለድ 675 ብር ነው። ወለዱ በዋናው ገንዘብ ብቻ ወይስ በወጪና በኪሣራው ጭምር እንደ ታሰበ ዝርዝር ሂሳብ መጠየቅ ለመሐንዲስ ሊከብደው አይገባም።

ፍርዱ ከተነሣ ደግሞ የዋስትናው ውል ራሱ ይመረመራል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት ዋስትና ፈራሽ ነው። ዋሱ ከተበዳሪው ጋር በአንድነት ለመክፈል ካልፈረመም፣ አስቀድሞ የተበዳሪው ንብረት እንዲፈለግ በመጀመሪያው መልሱ መጠየቅ ይችላል። ባልንጀራን ላለማሳፈር ሳናነብ የምንፈርማቸው ቅጾች ግን አብዛኛውን ጊዜ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ቃል ይዘዋል፤ ያን ጊዜ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ዋሱ ደመወዝ ሊመጣ ይችላል።

ይህን ሁሉ የምለው ዕዳ ለማስካድ አይደለም። የከፈለ ዋስ በአበዳሪው እግር ተተክቶ ተበዳሪውን የመጠየቅ መብት አለው፤ ስለዚህ ደመወዙ የተቀነሰበትን እያንዳንዱን ወር ማስረጃና የአበዳሪውን ደረሰኝ አሰባስቦ ይያዝ።